ማህተምና የፍንጠራው ሰልፍ

በፖስታ ቤቱ ሁለተኛ መስኮት ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። የከተማው ሰው «ማህተም» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ማህተሙን ስትመታ ድምፁ ከበሩ ውጭ ድረስ ስለሚሰማ ነው። ድው! አንዴ፣ ድው! ሁለቴ፣ ከዚያ ደብዳቤው ወደ ከረጢቱ ይወረወርና «ቀጣይ!» ትላለች። ሰልፍ ማዛነፍ ልማዱ የሆነ ሰው እንኳ ይህችን «ቀጣይ» ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አድራሻ አሳስቶ የጻፈውን ትቆጣለች፤ ሩቅ ካለ ልጇ ደብዳቤ የምትጠብቀውን እናት «ነገ ይመጣል፣ እኔ እየፈለግሁልሽ ነው» ብላ ታጽናናለች፤ መነጽሩን ረስቶ ለመጣ ሽማግሌ ቅጹን እያነበበች ትሞላለታለች። ምላሷ ለአንድ አፍታ አያርፍም።

ይህ ሁሉ ግን ከመስታወቱ ጀርባ ስትሆን ነው። ከመስኮቱ ወጥታ ሰው ፊት ከቆመች ሌላ ሴት ትሆናለች። አፏ ይተሳሰራል፣ እጆቿን የምታደርግበት ይጠፋታል፣ ጆሮዋ ይግላል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቿን ወክላ ሁለት ቃል እንድትናገር ተጠየቀች። ተነሳች። ቆመች። ቆየች። አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ጠበቃት። በመጨረሻ ከአፏ የወጣችው «ቀጣይ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷኑ ብላ ቁጭ አለች። ሥራ አስኪያጁ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አጭርና ጥሩ ንግግር ሰምቼ አላውቅም» ብለው ቢያመሰግኗትም፣ ማህተም ለአንድ ሳምንት ያህል አቀርቅራ ነው ቢሮዋ የገባችው።

ከሥራዋ ሌላ አንድ ፍቅር አላት፤ ፍንጠራ የሚባል ጨዋታ ነው። አባቷ አናጢ ነበሩ። አንድ ደንበኛ ክብ ጠረጴዛ አሠርቶ ሳይወስደው ቀረ። እሳቸውም እግሮቹን ነቀሉና ፊቱን መልክ እስኪያሳይ ድረስ ፈትገው፣ መሀሉን የሎሚ ያህል ቦርቡረው ለልጆቻቸው መጫወቻ አደረጉት። በገበታው ላይ ሦስት ክቦች አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰምረዋል። በትንሹ ክብ ዙሪያ ስምንት የእንጨት ችንካሮች ቆመዋል፤ እምብርቱ ላይ ጉድጓዱ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከእንጨት የተቆረጡ አሥራ ሁለት ጠፍጣፋ ጠጠሮች ይይዝና ከዳር እያስቀመጠ በጥፍሩ ይፈነጥራቸዋል። ጠጠሩ ወደ መሀል በቀረበ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የገባ ከሁሉም ይበልጣል። የባላጋራ ጠጠር ሜዳው ላይ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን መግጨት ግድ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለመልመድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ማህተም ከለመደች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፣ አሁንም አልጠገበችውም።

በየሐሙሱ ከሥራ መልስ አራት ሆነው ይጫወቱ ነበር። አንደኛዋ እሷ፣ ሁለተኛው ቧንቧ ሠራተኛው ባሏ፣ ሦስተኛው የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ፣ አራተኛው ጡረተኛው ሹፌር። ሹፌሩ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ሌላ ከተማ ሄዱ። የመድኃኒት ባለሙያው ሥራ በዝቶበት እየሳሳ እየሳሳ መጣና በመጨረሻ ጠፋ። ቀሩ ባልና ሚስቱ። ሁለት ሰው ደግሞ ዓመት ከዓመት እርስ በርሱ ሲጫወት የሚሆነውን የቀመሰ ያውቀዋል።

«አሁን ከግራ ልትመቺ ነው» ይላታል ባሏ፣ ገና ጠጠሯን ሳታስቀምጥ።

«አንተ ደግሞ አሁን ትንፋሽህን ውጠህ ልትስት ነው።»

ይስታል። ድሮ ቢሆን ይሳሳቁ ነበር፤ አሁን ግን አንዳቸውም ጥርሳቸውን አያሳዩም። አንድ ሐሙስ እንዲያውም ጨዋታው መሀል ላይ ሳለ ባሏ ጠጠሩን አስቀመጠና አገጩን በእጁ ደግፎ ገበታውን ሲመለከት ቆየ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ምንም። ማን እንደሚያሸንፍ አውቄው ነው።»

«ማነው?»

«አንቺ ነሽ። በሦስተኛው ጠጠር።»

ማህተም ልትከራከረው አፏን ከፈተች፤ ግን እውነቱን ነበር። በሦስተኛው ጠጠር አሸነፈችው፤ ድሉም ምንም አልጣማት። «ሰው ያስፈልገናል» አለች ጠጠሮቹን ወደ ከረጢታቸው እየመለሰች። «ካልሆነ ይሄ ገበታ ተመልሶ ጠረጴዛ መሆኑ ነው።»

በዚያው ሰሞን ፖስታ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት መጣ። በአንድ የገጠር መንደር ለሁለት ቀን ትርኢት ሊደረግ ነው። በግ አርቢዎች፣ ችግኝ አፍይዎች፣ ንብ አናቢዎች፣ የእጅ ሙያተኞች ይምጡ ይላል። ከታች፣ በትናንሽ ፊደል፣ «የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚያስተዋውቁ ካሉም ቦታ ይሰጣል» የሚል አለ። ማህተም አራቱን ማዕዘን በመርፌ ወጋችና ወደ ወንበሯ ልትመለስ ስትል እግሯ አልሄድ አላት። ሰሌዳው ፊት ቆማ ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ መስኮቷ ጀርባ ገባች፣ ቅጹን ሞላች፣ ፖስታ ውስጥ ከተተችና፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ድው! ድው! አድርጋ ከረጢቱ ውስጥ ጣለችው።

ባሏ ሲሰማ ዓይኑ በራ። ከስስ ጣውላ ሦስት አዳዲስ ገበታዎች ቆረጠ። የመጥረጊያ እጀታዎች ሰብስቦ እንደ ካሮት እየከተፈ ጠጠር አደረጋቸው፤ እሷ ግማሾቹን ቀይ፣ ግማሾቹን ሰማያዊ ቀባቻቸው። እንዲንሸራተትም ለየገበታው ሁለት ሁለት ጣሳ የሕፃናት ፓውደር ተገዛ። የሱቁ ባለቤት በጥርጣሬ ሆዷን አየት አድርጋ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለቻት።

መንደሩ በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ትርኢቱ የሚካሄደው በትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳ ላይ ነበር። በአንደኛው ጎል በኩል በጎች ታስረዋል፣ በሌላኛው ችግኞች ተደርድረዋል፤ መሀል ሜዳ ላይ የዓመቱ ትልቁ ዱባ ለብቻው ጠረጴዛ ተሰጥቶት እንደ ባለሥልጣን ተቀምጧል። ለማህተምና ለባሏ የደረሳቸው ቦታ በበጎቹና በውሃ ፓምፕ ሻጩ መካከል ነው። ፓምፕ ሻጩ አንገቱ ረጅም ወጣት ሲሆን ድምፅ ማጉያ ይዟል፤ ማጉያውን ደግሞ ከአፉ የሚያወርደው ለመተንፈስ ብቻ ነው። «ውሃው ጥልቅ ነው? እኛ እንስበዋለን! ዳገት ነው? እኛ እናወጣዋለን!»

አራቱ ገበታዎች ተዘረጉ፤ ፓውደሩ ተነሰነሰ። ማህተም ከድንኳኗ ፊት ለፊት ቆመች። የመጀመሪያው ሰው ብቅ ሲል ልቧ ድው ድው ማለት ጀመረ። ቤቷ ሆና የተለማመደችው ንግግር ነበር። «እንደምን አደራችሁ፣ ኑ ፍንጠራ ተጫወቱ» የሚል፣ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ግን ከ«እንደምን» አላለፈም፤ እሱም በሹክሹክታ ነው የወጣው።

ቅርጫት ያንጠለጠለች ሴት ቆም አለች። «እህቴ፣ ትሪው ይሸጣል?»

ማህተም ራሷን ነቀነቀች፤ አይሸጥም።

«ካልተሸጠ ታዲያ ለምን አወጣችሁት?» አለችና ሄደች።

አንድ ሽማግሌ መጡ። ጃንጥላቸውንና ጓዛቸውን ከገበታው ላይ አስቀመጡ፣ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አሰሩ፣ እንደገና ዕቃቸውን አንስተው «ተባረኪ ልጄ፣ ጥሩ ማረፊያ ነው» ብለዋት ጓዛቸው ፓውደር በፓውደር ሆኖ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ባሏ አላስችል አለው። እጁን አጨብጭቦ ተጣራ፤ «ኑ፣ ኑ! ከዳር ይነሳል፣ ተንሸራትቶ ይመጣል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ ይላል!»

አንድ ገበሬ ቀርቦ በጥሞና አዳመጠው። ጉድጓዱን በጣቱ ለካ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽታው ግን ተመልሶ አይመጣም?» ሲል ጠየቀ። ቧንቧ ሠራተኛውም ሙያው ነውና «ኩርባ ቱቦ ከተደረገለት አይመጣም» ብሎ ማስረዳት ጀመረ፤ ስለ መታጠቢያ ቤት ሩብ ሰዓት አወሩና በፍቅር ተለያዩ። ስለ ፍንጠራ የተነሳ ነገር የለም።

እኩለ ቀን ሲሆን ድንኳናቸው ውስጥ የገባው አንድ የበግ ግልገል ብቻ ነበር፤ እሱም ተሳስቶ። ማህተም ከድንኳኑ ጀርባ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

«እንሂድ» አለች። «የስምንት ሰዓቱን አውቶቡስ እንደርስበታለን።»

«እረ ባክሽ፣ ገና ነገም አለ።»

«ነገም እኔው ነኝ። አባቴ ለፍተው የሠሩትን ነገር ይዤ መጥቼ፣ እንደ ግንድ ተገትሬ፣ የሰው ጃንጥላ ማስቀመጫ አደረግሁት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ባሏ ቧንቧ የሚያፈስበትን ቦታ ሲፈልግ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት። ከዚያ «መጣሁ» አለና ሄደ። በዓይኗ ስትከተለው ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ኋላ ሲያመራ አየችው። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አናገረው፤ ዘበኛው ትከሻውን ሰበቀ፤ ከዚያ ባሏ ከተሰባበሩ ወንበሮች ክምር ውስጥ አንድ ነገር እየጎተተ አወጣ። አሮጌ የመስኮት ፍሬም ነበር፤ መስታወት የለውም፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ አንዱ ማጠፊያው ተንጠልጥሏል። ራሱ ላይ ተሸክሞት መጣ።

ጊዜ አላጠፋም። ከመሣሪያ ሳጥኑ ሽቦና ፒንሳ አወጣ፣ ከፓምፕ ሻጩ ሁለት የብረት ቱቦዎች ተውሶ ግራና ቀኝ ተከለ፣ ፍሬሙን በደረት ቁመት ጠፍሮ አሰረው፣ ከታቹ ሳንቃ ደገፈበት፣ ከበስተኋላው የተገለበጠውን ሳጥን አስቀመጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አለችው።

«ቁጭ በይ እስቲ። ለኔ ስትይ፣ አንዴ ብቻ።»

ተቀመጠች። ክንዷን ሳንቃው ላይ አሳረፈች፤ ልክክ አለ። ሜዳው፣ በጎቹ፣ ዱባው፣ ሰው ሁሉ አራት ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ታያት። ሳይታወቃት ጀርባዋ ቀና አለ። በዚህ መሀል ሁለት ችግኝ ያቀፈች ወፍራም ሴት ከፊት ለፊቷ ልታልፍ ስትል፣

«ቀጣይ!» አለች ማህተም።

ፓምፕ ሻጩ ማጉያውን ከአፉ አወረደ። ሴትዮዋ ባለችበት ቆመች፤ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«አንቺን ነው እንጂ። ቅረቢ።»

ሴትዮዋ ቀረበች፣ አንገቷንም ሰበረች። «ይቅርታ እህቴ፣ መታወቂያዬን ቤት ትቼው ነው።»

«መታወቂያ አያስፈልግም። ጣት ነው የሚያስፈልገው። አለሽ?»

«አሥር።»

«አንዱ ይበቃል። ችግኝሽን እዚህ አስቀምጪ፣ አንደኛው ገበታ ጋ ሂጂ፣ ባለቤቴ ያሳይሻል። ቀጣይ!»

ቀጣይ ነበረ! አንድ ሰው መስኮት ፊት ቆሞ ከታየ ከኋላው ሌላ መቆሙ አይቀርም፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ዱባውን አልፎ ችግኞቹ ጋ ደረሰ።

«የምን ሰልፍ ነው?» ይላል የመጣው።

«እኔ እንጃ። ግን ቶሎ ቶሎ ይሄዳል።»

«ማዳበሪያ ነው የሚሉ አሉ።»

«ማዳበሪያማ አይመስለኝም። ጨርሰው የሚወጡት እየሳቁ ነው።»

የመስኮቷ ማህተም ደግሞ አንደበቷ ተፈታ። አንዱን «አንተ ጥፍርህን ሳትቆርጥ ነው የመጣኸው፣ ጎበዝ፣ ይጠቅምሃል» ትላለች፤ ሌላውን «ከሚስትህ ጋር ነው የምትጫወተው? ሦስተኛው ገበታ፤ መሸነፍ ነውር አይደለም» ትላለች። በጉን ለውድድር አጥቦና አበጥሮ ያመጣ አንድ ሰውዬም ወረፋው ያመልጠኛል ብሎ ከነበጉ ተሰለፈ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ በጉም አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ከብዙዎቹ ይልቅ ሥርዓት ያለው እሱ ነበር።

ፊሽካ ተነፋ። የትርኢቱ አስተናባሪ መጣ። ደረቱን የነፋ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ወረቀት መያዣ ሰሌዳ በብብቱ የሸጎጠ ሰው ነው። ሰልፉን ሰነጣጥቆ መስኮቱ ጋ ደረሰ።

«ማነው ይሄን የፈቀደው? የበግ ዳኞች ማለፊያ አጥተዋል!»

«ሰልፍ ይያዙ ጌታዬ» አለች ማህተም።

«እኔ እኮ አስተናባሪው ነኝ!»

«ለአስተናባሪ የተለየ መስኮት የለንም።»

ሰልፈኛው ሳቀ። አስተናባሪው ፊቱን ቅጭም አደረገ። «ቁማር እየተጫወቱ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶኛል።»

«ምን ተይዞ? ምን ተበልቶ?» አለችው። «ያሸነፈ የሚወስደው፣ የተሸነፈ የሚያጣው ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን ይጫወታሉ?»

ማህተም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮቷ ብዙ ጥያቄ ተጠይቃለች፣ እንዲህ ያለው ግን ገጥሟት አያውቅም። ወደ ገበታዎቹ ዞር ብላ አየች። ወፍራሟ ሴት ችግኟን ረስታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ታነጣጥራለች። «ይሰለፉና ራስዎ ይዩት» አለችው።

አስተናባሪው ግራ ቀኙን አየ። «ለማጣራት ያህል ብቻ ነው» ብሎ ለሰው ሁሉ አሳወቀና ሄዶ ከበጉ ኋላ ተሰለፈ።

ተራው ሲደርስ ተጋጣሚ የጎደለው አራተኛው ገበታ ነበር። እዚያ የተቀመጡት ደግሞ የመንደሩ ጡረተኛ አዋላጅ ናቸው። ሰባውን አልፈዋል፣ ከዘራ ይይዛሉ፣ የመነጽራቸው እጀታ በክር ታስሯል። አርባ ዓመት ሙሉ አዋልደዋል፤ ሜዳው ላይ ካለው ሰው ግማሹን ወደዚህ ዓለም ተቀብለው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አስተናባሪው ሲያያቸው ባርኔጣውን አወለቀ።

«እማማ፣ እርስዎም እዚህ?»

«ና ቁጭ በል፣ አልበላህም። በእግርህ እኮ ነው የተወለድከው። አሁንም አልተውከውም፣ ሁሉን ነገር በተቃራኒው ነው የምትጀምረው።»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። አስተናባሪው ጆሮው ቀልቶ ጠጠሩን አስቀመጠና ባለ በሌለ ኃይሉ ፈነጠረው። ጠጠሩ ገበታውን ለቅቆ በረረ፣ የፓምፕ ሻጩን ድምፅ ማጉያ አገኘውና «ጓ!» አደረገው። አዋላጇ መነጽራቸውን አስተካከሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጠጠሩን ሲያስቀምጡም ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፍራቸውን ጠጠሩ ጋ ሲያደርሱ ግን ቀጥ አለ። ነካ አደረጉት። ጠጠሩ እንደ ድመት ኮቴ ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

«ማስገደድ አይደለም» አሉት። «በልኩ ነው የሚገፋው። ይሄን ለስንቷ እናት ነግሬአለሁ።»

ሦስት ጊዜ አሸነፉት። በተሸነፈ ቁጥር «ማጣራቱ ገና አላለቀም» እያለ እንደገና ጠጠሩን ይደረድራል። የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፤ ከዚያም ሁለተኛውን። የበግ ዳኞቹ ራሳቸው መጥተው ከበቡት። በጉም ጌታው ሁለተኛው ገበታ ላይ ተመስጦ ሳለ፣ አስተናባሪው መሬት ያስቀመጠውን ሰሌዳ አገኘና የዕለቱን ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች በላው። ፓምፕ ሻጩ ደግሞ ፓምፑን ትቶ ማጉያውን ወደ ገበታው አዙሯል። «እማማ ጠጠራቸውን አስቀመጡ! ሜዳው ጸጥ ብሏል! አነጣጠሩ... ገባ! ገባ! ጥልቀቱ አላገዳቸውም!»

በማግስቱ ድንኳኑ ገና ሳይከፈት ሰው ይጠብቅ ነበር። ትናንት የተጫወተ ሁሉ ጎረቤቱን፣ አማቹን፣ ተጣልቶት የነበረውን የአጎቱን ልጅ ሳይቀር ይዞ መጥቷል። አስተናባሪው በአዲስ ወረቀት ላይ የተጋጣሚዎችን ዝርዝር አወጣ፤ እሱ ራሱ በመጀመሪያው ዙር በወፍራሟ ሴት ተሸንፎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አሸናፊዎቹ እያነሱ እያነሱ ሄደው በመጨረሻ አዋላጇ ብቻ ቀሩ። እሳቸውም ከዘራቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ።

«ያቺ ልጅ ትምጣ። ሁላችንን እያስተናገደች እሷ አንድ እንኳ ሳትጫወት መዋሏ ደግ አይደለም።»

ሰዉ ድምፁን አሰማ። ማህተም ተነስታ መጣች። የአባቷ ገበታ ዙሪያውን በሰው ተከቦ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ሳጥን ላይ ወጥተዋል፣ ሕፃናት ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል። ከእማማ ፊት ለፊት ተቀመጠችና የመጀመሪያ ጠጠሯን ላከች። ደህና ሄደ። እማማም ላኩ። ጠጠሯን አስወጡባት።

ማህተም የባላጋራዋን ፊት አየች፤ ልማዷ ነው። የባሏን ፊት አይታ ጠጠሩ የት እንደሚሄድ ታውቅ ነበር። እነዚህን ዓይኖች ግን ማንበብ አቃታት። እሳቸው ከግራ ይመታሉ ስትል ከቀኝ ይመታሉ፤ ይገጫሉ ስትል ችንካር ላይ አንጥረው ከኋላ ይመጡባታል። ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀጥለውን አላወቀችም። ከሆዷ አንድ ደስታ ተነስቶ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ልጅ ሳለች አባቷ በሥራ ልብሳቸው፣ ፀጉራቸው ላይ የእንጨት ብናኝ እንደተነሰነሰ፣ «በይ እስቲ አባትሽን አሸንፊ» ብለው ፊቷ ሲቀመጡ የሚሰማት ዓይነት።

ጥርስ በጥርስ ሆኑ። እስከ አሥራ አንደኛው ጠጠር ማህተም ትመራ ነበር፤ ምርጥ ጠጠሯ ከችንካር ኋላ ተሸሽጎ ተቀምጧል፣ በቀጥታ የሚደርስበት የለም። ማህተም ጠጠሯን ጨረሰች፤ ለእማማ አንድ ቀራቸው። ፓምፕ ሻጩ እንኳ ማጉያውን ዘግቶ ቆመ። እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ጠጠሩን ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ ዳር ላይ አስቀመጡ፣ ነካ አደረጉት። አንዱን ችንካር መታ፤ ዞረ፤ ሁለተኛውን መታ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሰው ቤት ተፈቅዶለት እንደሚገባ እንግዳ፣ ከማህተም ጠጠር ጎን ደረሰና ገፋው። የማህተም ጠጠር ተንሸራቶ ከክቡ ወጣ። የእማማ ጠጠር በቦታው ቀረ።

«አሸነፉኝ!» ብላ ጮኸች ማህተም፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «አያችሁ? አያችሁ ወይ? በሁለት ችንካር! አባቴ እንኳ በሁለት ችንካር አልመቱም!» እማማን አንገታቸውን አቅፋ ሳመቻቸው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች፤ ጠጠሩ ከየት ተነስቶ የት እንደነካ፣ ለምን ከግራ ሳይሆን ከዳር እንደተመታ፣ በእጇ አየሩን እየሳለች አስረዳች። አንዱ ጠየቀ፣ መለሰች። ሌላዋ «እንደገና አሳዪን» አለች፣ አሳየች። ባሏ ፒንሳውን በእጁ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ያያታል። መቶ የሚሆን ሰው መሀል ቆማ ግማሽ ሰዓት ተናግራ ነበር፤ ይህን የነገራት አውቶቡስ ውስጥ ነው። «ውሸታም» አለችውና ጆሮዋ ጋለ።

ከአዲሶቹ ገበታዎች ሁለቱን እዚያው መንደር ትተውላቸው መጡ። ከአሥር ቀን በኋላ በሁለተኛው መስኮት በኩል ለማህተም የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰ፣ ቁጥርና ቀን ያለው። «ጨዋታው ቁማር አለመሆኑ ተጣርቷል» ይላል። «ሆኖም ማጣራቱ በየሐሙሱ በዘር መጋዘኑ ውስጥ እንዲቀጥል ተወስኗል። እርስዎና ባለቤትዎ እንዲገኙ በአክብሮት ተጋብዘዋል።» ማህተም ጮክ ብላ ስትስቅ በአንደኛው መስኮት ያለችው ባልደረባዋ ብዕሯን ጣለች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ እንደወጡ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። የመድኃኒት ባለሙያው ወሬውን ሰምቶ አሁን አብሯቸው ይሄዳል፤ ጊዜ ከየት እንዳገኘ አልጠየቁትም። በዘር መጋዘኑ ውስጥ፣ በጆንያዎቹ መካከል፣ ስድስት ገበታ ተዘርግቷል፤ አራቱን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ፓምፕ ሻጩ በዚያ በኩል በሚያልፍበት ሳምንት ሁሉ ጎራ ይላል፤ ማጉያውን ግን በር ላይ እንዲያስቀምጥ ተስማምተዋል።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ጉድ ፈላ። የወፍራሟ ሴት ጠጠር መስመር ላይ ቆመ፤ ውስጥ ነው፣ ውጭ ነው የሚል ክርክር ተነሳ። አስተናባሪው ደንብ ይውጣ አለ። ቧንቧ ሠራተኛው መለኪያውን አወጣ። የበጉ ጌታ ውስጥ ነው ብሎ ማለ፣ የመድኃኒት ባለሙያው ግማሹ ውጭ ነው አለ። ማህተም «ዞር በሉ፣ እኔ ልየው!» ብላ ስትጎነበስ ሌሎቹም እኩል ጎነበሱና ስድስት ራስ በአንዴ ተጋጨ። ግንባራቸውን እያሻሹ ገና እየሳቁ ሳለ እማማ ከማዶ ሆነው «ጨረሳችሁ? ተራው የኔ ነው» አሉና ፈነጠሩ።